ተመልሶ የሚነግረን ሰው

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ የአባይ ሰኪናን ደጃፍ መጀመሪያ የረገጥኩ ጊዜ። ከኋላዬ ባልና ሚስት ፈረንጆች ቆመዋል። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት አሳያችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ የማውቀው የሐረሪ ቤት ግን አንድም አልነበረኝም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዳ እንደገና ወደ ከተማችን ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል፣ አስጎብኚ ግን በወጉ የለም፤ ትንሽ እንግሊዝኛ የቆነጠረ ሁሉ አስጎብኚ ነው። እኔም ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት እየገለጥኩ ቋንቋውን በራሴ የለቀምኩ ነኝ።

ቤተሰቦቼ ከግንቡ ውጭ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ግንቡን በየቀኑ እያየነው ነው ያደግነው፤ ወደ ውስጥ የምንገባው ግን ለገበያ ነበር። የሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ያን ዕለት በሩ ገርበብ ያለ ቤት ሳይ ደፈር ብዬ አንኳኳሁ። ረዘም ያሉ ቀጭን ሴት ወጡ፤ እጃቸው ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ አለ።

«ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?»

«እትዬ፣ ቤትዎን ለማየት ነበር። እንግዶች ናቸው።»

«ቤቱ የትም አይሄድም» አሉኝ። «መጀመሪያ ግቡና ተቀመጡ።»

ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ ቤት ገባሁ ወጣሁ። ዕረፍታቸውን የሰማሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ፣ አንድ ማሽላ ማሳ ዳር ቆሜ ሁለት እንግዶች ፎቶ እስኪያነሱ ስጠብቅ ነው። ጎረቤታቸው ደወለችልኝ። እንግዶቹን «ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» አልኳቸው፤ ፊቴን አይተው ለምን ሳይሉ መኪና ውስጥ ገቡ። ስደርስ አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ መሐል ቦታ ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ። ያኔ ትዝ ያለኝ ለቅሶ አይደለም፤ አባይ ሰኪና እስከ መጨረሻው ቀን ሲጠብቁት የነበረው ነገር ነው። ከዱንያ ብዙ አይፈልጉም ነበር። አንድ ነገር ግን ጠበቁ። እየመጣ ከጠየቃቸው ተማሪና ባለሙያ ሁሉ አንድ እንኳ ተመልሶ፣ የሰማውንና የጻፈውን ቁጭ ብሎ እንዲነግራቸው። ይኼን ታሪክ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አባይ ማለት ሐረሪዎች ታላቅ እህትን አክብረው የሚጠሩበት ነው። ከአንድ ወር በኋላ እኔም «እትዬ»ን ትቼ «አባይ» ማለት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ቤቱ ራሱ ያስተምራል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ወለሉ ከፍና ዝቅ እያለ ተሠርቶ ምንጣፍ ይነጠፍበታል፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉ የሚቀመጥበት ከፍታ አለው። አባይ ሰኪና ከፍ ያለውን ለእንግዳ ይሰጡና ራሳቸው ከበሩ አጠገብ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። መናገር ሲፈልጉ ምንጣፉን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ቀልድ ይወዳሉ። ከበሩ በላይ ጥቅልል ምንጣፍ የሚቀመጥበት መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። እኔ ይኼን ለእንግዳ በደስታ ነው የምናገረው። አባይ ሰኪና እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እጄ ወደ በሩ ሲያመለክት ግን ምን እያልኩ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ደግሞ ዳርሽኝ?»

«አዎ፣ አባይ።»

«አቦ፣ ሽማግሌ ላኩ በያቸው እንግዲህ። እኔን እንደሆነ ሰልችቶኛል። በሳምንት ሦስቴ ትድሪኛለሽ፣ አንድም ባል አላመጣሽልኝ።»

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው የልጃቸው ልጅ ኢክራም ናት፤ ያኔ ሕፃን ነበረች፣ እንግዳ ሲመጣ ሔል የገባበት ሻይ ላይ ስኳር የምታማስል። እናቷ ድሬዳዋ ትነግዳለች፣ ኢክራም ግን ከአያቷ አትላቀቅም።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። ብዙ ጊዜ ሳልናገር ቆይቻለሁ፣ ዛሬ ግን ቢነገር ይሻላል።

የሐረማያ ሐይቅ የደረቀ ሰሞን ነው። ሐረር ውሃ የምትጠጣው ከዚያ ስለነበር ቧንቧችን ሲከፍቱት ፉጨት ብቻ ሆነ። ውሃ በቦቴ፣ በአህያ ጀርባ ይመጣል፤ ሰው ፊቱን የታጠበበትን አጠራቅሞ ወለል ይወለውልበታል። በዚያ ሰሞን አሥራ አራት እንግዶች የጫነ መኪና ከድሬዳዋ መጣና ፈረስ መጋላ አደባባይ አራገፈልኝ። አሥራ አራት ሰው ይዤ አላውቅም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እንደ ሙሽራ አጃቢ በጠባቡ መንገድ አሰልፌ አባይ ሰኪና ቤት አስገባኋቸው።

ከመኪና የወረደ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ መጸዳጃ ቤት ጠየቀች። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ነው፣ አጠገቡ አንድ በርሜል ውሃ ይቀመጣል። አባይ ሰኪና ራሳቸው በሩ ጋ ቆመው ለእያንዳንዱ በጆግ እየቀዱ ሰጡ። ለእጅም ቀዱ። እኔ ከውስጥ ስለ ምንጣፉ እያወራሁ፣ ጆጉ በርሜሉን ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ላይ የውሃ ድምፅ ነበረው። በኋላ ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። ሰምቼዋለሁ፣ ግን አላሰብኩበትም።

የአስር፣ ማለትም የከሰዓት በኋላው ሰላት አዛን ተሰማ። አባይ ሰኪና ወደ ግቢው ሌላ ጥግ ሄዱ፤ እዚያ ግድግዳው ሥር ንጹሕ ደረቅ አፈር አለ። ዝቅ ብለው ቢስሚላህ ብለው ሁለት መዳፋቸውን መሬቱ ላይ አሳረፉ፣ እፍ አሉት፣ ፊታቸውን አበሱ፣ ከዚያ እጆቻቸውን። ተረጋግተው፣ በቀስታ። ያምር ነበር፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ አንዲት ካሜራ የያዘች።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አስጎብኚ ግን አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ የሥራችን በሽታ ነው። «ጥንታዊ የሐረር ልማድ ነው» አልኩ። «ያሳደገቻቸውን መሬት በየቀኑ በዚህ ሰዓት ሰላም ይሏታል።» እንግዶቹ «ኦ» አሉ፤ ካሜራዎቹ ቀጨም ቀጨም አደረጉ። ይባስ ብሎ አንዱ ሳያነሳ አመለጠው። እኔም ሄጄ «አባይ፣ አንዴ ቢደግሙላቸው?» አልኳቸው።

ዐይተውኝ «ሰላቴን ልስገድ፣ ስንቱ» ብለው በስሜ ጠርተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሲኒዎች ለመሰብሰብ ቀረሁ። ጠሩኝ።

«ቅድም ስለ እኔ ምን አልሻቸው?»

ነገርኳቸው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ። ሻሻቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «መሬትን ሰላም!» እያሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ለምን እንደምስቅ ሳላውቅ። ሲበቃቸው ምንጣፉን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

«ስንቱ፣ ውሃው ስላለቀ ነው።»

ከዚያ አስረዱኝ። ለሰላት ውዱእ ይደረጋል፣ በውሃ መታጠብ ማለት ነው። ውሃ ለጠፋበት ሰው አላህ ንጹሕ አፈር ፈቅዶለታል፣ ተየሙም ይባላል። «እኔ በአፈር ይሆንልኛል» አሉኝ፤ «እንግዳ ግን በአፈር አይሆንለትም።»

«ታዲያ ለምን ውሃ የለም አላሉኝም?»

«ለእንግዳ?»

ይኼን ብቻ ነው ያሉት። ከቤታቸው ስወጣ መንገዱ ጠበበኝ። ዛሬም ድረስ የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ፣ በእኔ እንግዶች ምክንያት ውሃ ያጡ ሴትዮ ፎቶ «መሬትን ሰላም ሲሉ» ተብሎ ተሰቅሎ ይሆናል።

በማግስቱ በአህያ ሁለት ጀሪካን ውሃ አስጭኜ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመው አህያዋንም እኔንም ተራ በተራ አዩን።

«ቅጣት ነው ወይስ ስጦታ?»

«ሁለቱም ይሁን፣ አባይ።»

«እንግዲያውስ አስገቢው። አንቺም ግቢ፣ እናውራ።»

አወራን። ያን ቀን የተባባልነውን በኋላ የአፎቻቸው ሴቶች ዘንድ ወሰዱት፤ አፎቻ በለቅሶም በሠርግም የሚረዳዱበት ማኅበራቸው ነው። እዚያ ተማክረው ሕግ አወጡ። በአንድ ጊዜ ከስድስት እንግዳ በላይ ወደ መንገዳቸው አይገባም። ከአስር ሰላት በፊት ወጥቶ ይጨረሳል። ሁልጊዜ የአባይ ሰኪና ቤት አይሆንም፤ መንገዱ ላይ ያሉ ፈቃደኛ ቤቶች ተራ ይገባሉ፣ ሐዘን ወይም በሽተኛ ያለበት ቤት ይታለፋል። እንግዳ ያመጣ አስጎብኚ ደግሞ ውሃ ይዞ ይመጣል። የራስዋን ቤት ዝና ለጎረቤት ታካፍላለች ብለው የተገረሙ ነበሩ። እሳቸው ግን «እንግዳ ጨው ነው» ይሉ ነበር። «ከጠፋ ወጡ አይበላም፣ አንድ ድስት ውስጥ ከተደፋም አይበላም።»

እኔም በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በሌላው ጀሪካን ይዤ ማስጎብኘት ጀመርኩ። ፈረስ መጋላ የሚቆሙት አስጎብኚዎች ሳቁብኝ።

«ውሃ ቀጂዋ መጣች!»

«ስንቱ፣ ልታስጎበኚ ነው ልታጥቢያቸው?»

«አቦ ተዋት፣ ጥምቀት አምሯት ነው።»

ሳቁ። ከዚያ አንድ ቀን ከሁሉም አብዝቶ የሚስቀው ሰውዬ ዘጠኝ እንግዳ ይዞ ሲመጣ ሴቶቹ «ስድስት ነው» ብለው ከነእንግዶቹ በሩ ላይ አቆሙት። ላብ በላብ ሆኖ እኔ ጋ መጣ። «ስንቱዬ፣ ሦስቱን ትይዢልኛለሽ? እና ደግሞ… ጀሪካን አለሽ?» አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ውሃ ቀጂ ያለኝ የለም።

ጀጎል የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ሌላ ዓይነት እንግዳ መጣ፤ አጥኚ። መጠይቅ የያዘ ተማሪ፣ ደብተር የያዘ ባለሙያ። ሁሉም ስለ ዘላቂ ቱሪዝም ነው የሚጠይቀው። የአባይ ሰኪና መንገድ የተራ ሕግ ስላለው ስሙ ወጥቷል፣ ስለዚህ ሁሉም ወደ እሳቸው ይመራል፤ እኔም አማርኛ ላጠራቸው መሐል ሆኜ አስረዳለሁ። አንዱን ልጅ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትሑት፣ ጫማውን በሩ ላይ ሲያወልቅ ካልሲው ተቀዶ ያፈረ። አባይ ሰኪና ካልሲውን እንዳላዩ ሆነው ከፍ ያለውን ቦታ ሰጡት።

«ዕድሜዎ ስንት ነው፣ እናቴ?»

«አንተ ስንት ትለኛለህ?»

ልጁ ተጨነቀ። «አምሳ… ይሆናል?»

«ማሻአላህ፣ ዐይንህ ጥሩ ነው። ጻፍ።»

ስድሳን እንዳለፉ ስለማውቅ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ መካከለኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» ከሚሉት አንዱን ምረጡ አላቸው።

«ወላሂ፣ ከተስማማሁ ተስማማሁ ነው። በጣሙ ምንድን ነው?»

«ማለት… ከልብ ከሆነ።»

«ከልቤ ካልሆነማ ለምን እስማማለሁ?»

ልጁ ሳቀ፣ ቀጠለ። «ቱሪስቶች ወደ አካባቢዎ መምጣታቸው ያስደስትዎታል?»

«ሲመጡ ደስ ይለኛል። ሲሄዱም ደስ ይለኛል። ይኼን የት ጋ ትጽፈዋለህ?»

ብዕሩን ይዞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ቦታ የለም። በመጨረሻ ከዳር፣ በጠባቡ ክፍት ቦታ ላይ ጻፈው። ያን ሲያደርግ አባይ ሰኪና ወደዱት። ውሃውን ነገሩት፣ መጸዳጃውን ነገሩት፣ ተራውን ነገሩት። ሊነሣ ሲል ምንጣፉን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ፣ አፎቻችን ውስጥ አንዲት ሴት ስትታመም፣ አንዷን አይተሽ ነይ ብለን እንልካለን። የተላከችው አይታ ስትመለስ ቀጥታ ቤቷ አትገባም። መጥታ ‹እንዲህ ናት፣ ይኼን በልታለች፣ ይኼ ቀርቷታል› ትለናለች። ሳትነግረን ቤቷ ከገባች ምን የምንላት ይመስልሃል?»

«ምን ይሏታል?»

«ምንም አንላትም። ግን ሁለተኛ አንልካትም። አንተ መንገዳችንን አይተሃል። እንዴት ሆነን እንዳገኘኸን ተመልሰህ ንገረን።»

«ኢንሻአላህ፣ እናቴ» አለ። ክርስቲያን ነበር፣ ግን አለ። የጥያቄውን አንድ ቅጂ ተወላቸው፤ አባይ ሰኪናም ግድግዳው ውስጥ በተሠራችው መደርደሪያ፣ የጌጥ ሳህኖች ከሚደረደሩበት ሥር አስቀመጡት። ከዚያ በኋላም የመጣው ሁሉ አንድ አንድ ወረቀት ይተዋል። እያንዳንዱ «እመለሳለሁ» ይላል፣ ሁሉም ከልቡ ነው የሚለው። ኑሮ ግን ይወስዳል፤ አንዱ ሥራ ያገኛል፣ ሌላው ያገባል። አባይ ሰኪና አልፈረዱባቸውም። ወረቀቶቹን ግን አልጣሉም። አቧራ ሲያራግፉ አንድ በአንድ አንስተው ያራግፏቸው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ የመጣውን ሰው የሚለዩት በወረቀቱ ቀለምና መጠን ነው። «ይኼ ያ ካልሲው የተቀደደው ነው» ይሉኛል።

ቆይቶ አንድ ሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በቱሪዝም ጥናትና ፖሊሲ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡ ጉዳዮች የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። አባይ ሰኪና የነዋሪዎች ተወካይ ሆነው ተጠሩ፣ እኔም አብሬያቸው። ነጠላቸው ንጹሕ፣ ጫማቸው የበዓል። ባለሙያዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ፤ ስለ ቅርስ እንክብካቤ፣ ስለ አየር ንብረት መለወጥ፣ ስለ ስልክና ኢንተርኔት፣ ከእንግዳው የሚገኘው ጥቅም ለነዋሪው ስለ መድረሱ። በእውነት ደኅና ነገር ነው የተናገሩት። እኔ በልጅነቴ መዝገበ ቃላት ላይ የፈለግኳቸው ቃላት ሰው አፍ ላይ ሲወጡ ደስ ብሎኝ ነበር። አባይ ሰኪናም አንድ ሳያመልጣቸው ሰሙ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ ቀለም ካርድ ታደለ። ቅድሚያ ይሰጠው የምትሉትን ጻፉ ተባለ። «አንቺ ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ «ለእንግዳ መጸዳጃ፣ ከነውሃው።» ሰብሳቢው ካርዶቹን ተቀብሎ በሰሌዳው ላይ በየርእሱ ለጠፈ። የእኛን ሲያነብ ፈገግ አለ። መጥፎ ፈገግታ አልነበረም፤ ግን የት እንደሚያስገባው ቸገረውና ከሰሌዳው መጨረሻ፣ «ሌሎች» ከሚለው ሥር ለጠፈው።

አባይ ሰኪና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። እዚያ ያን ምልክት የሚያውቅ የለም፣ ማንም ዝም አላለም። ስለዚህ ተነሡ። ሰው እያየ በወንበሮቹ መሐል ቀስ ብለው ሄደው ካርዷን ከ«ሌሎች» ሥር አነሱ፤ ሰሌዳውን በሙሉ አቋርጠው ወስደው በመጀመሪያው ረድፍ፣ ከሁሉም በላይ ለጠፏት። እንዳትወድቅ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉባት።

«እናቴ፣ ምክንያቱን ቢነግሩን» አለ ሰብሳቢው።

«ፈረንጁ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀን ይኼን ነው፣ ልጄ። ስለ ቅርስ የሚጠይቀን ከዚህ ሲመለስ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሲያበቃ ግን አንዲት ከውጭ የመጣች ባለሙያ ተነሥታ የራሷን ካርድ ከሌላ ቦታ ነቅላ ከእሳቸው ካርድ ጎን ለጠፈች። ሌላም ሰው ተነሣ። ሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ሆኜ ያን የቆርቆሮ በርሜል ድምፅ እሰማ ነበር።

ወዲያው አልሆነም፤ ስንት ክረምት አለፈበት። ግን ሆነ። ከፈረስ መጋላ ወደ እነሱ መንገድ በሚያስገባው ጥግ ላይ ሁለት ክፍል መጸዳጃ ከነውሃ ታንከሩ ተሠራ፤ የሚጠብቁትም የመንገዱ ሴቶች በተራ ናቸው። የተከፈተ ቀን አባይ ሰኪና አዩትና «በሩ ወደ ውስጥ መከፈቱ ስሕተት ነው፣ ወፍራም ሰው ይቸግረዋል» አሉ። በሩ ተገለበጠ። እኔም ጀሪካኔን አስቀመጥኩ። ብቻ ከልምድ የተነሳ እጄ ለጥቂት ወራት ባዶ መሆኑ ግራ ገብቶት ነበር።

«ደስ አለዎት፣ አባይ?» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ። ውሃው መጣ።» ወደ መደርደሪያዋ በአገጫቸው አመለከቱ። «እነዚያ ናቸው ያልመጡት።»

ኢክራም ይኼን ሁሉ እያየች አደገች። ስኳር ከምታማስልበት ተነሥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ቱሪዝም ልማር አለች፤ እናቷ ንግድ ብትል አልሰማችም። የመመረቂያ ጥናቷን በገዛ መንገዳችን ላይ ልትሠራ መጠይቅ ይዛ መጣች። ያን ቀን እኔም ነበርኩ። አባይ ሰኪና ልጅቷን ከአጠገባቸው አስነሥተው ከፍ ባለው የእንግዳ ቦታ አስቀመጧት።

«ኡማ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ኢክራም። ኡማ ማለት አያቴ ማለቷ ነው።

«ልትጠይቂኝ አይደል የመጣሽ? አጥኚ እዚያ ነው የሚቀመጠው።»

ጥያቄው ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጠየቀ፣ ዕድሜም ጭምር። ሲያበቃ ምንጣፉን መታ መታ አደረጉ።

«ተመልሰሽ ትነግሪናለሽ?»

«ቤቴ እኮ ነው! የት እሄዳለሁ?»

«ቤትሽ መምጣትና ልትነግሪን መምጣት አንድ አይደለም።»

«እነግራችኋለሁ» አለች።

አባይ ሰኪና ያረፉት ጥናቱ ሳያልቅ ነው። ሕመማቸው አጭር ነበር፤ ዱዓ አድርገው፣ የተራውን ቀን ለጎረቤት አስተላልፈው፣ ተኙ። እኔ ድሬ ጠያራ ነበርኩ ብያለሁ።

ከወራት በኋላ ኢክራም ጥናቷን ጨርሳ መጣች። ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ስሟ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት። የመንገዱን ሴቶች ከቀትር በኋላ ጠራቻቸው፤ ቤቱ ሞላ፣ እኔም አያቷ ይቀመጡበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ ከበሩ ጎን ሆንኩ። እሷ ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጠች። ምንጣፉን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገች፣ ዝም ተባለ። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ እሷ ግን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ወደ ሐረሪ ቋንቋ እየመለሰች፣ ለእኔ አንዳንዱን በአማርኛ እየደገመች አነበበችው።

አንድ ቦታ ላይ ሴቶቹ አስቆሟት። «‹እንግዳ ይበዛብናል ብለዋል› ነው የምትይው? እንዲያ አላልንም» አለች አንዷ። «እንግዳ አልበዛብንም። ሳይነግሩን ይዘው የሚመጡት ናቸው ያስቸገሩን።» ሌሎቹም ልክ ናት አሉ። ኢክራም ብዕሯን አወጣች፣ መሥመሩን ሰረዘች፣ ከዳሩ እንዳሏት ጻፈች።

ሌላ ገጽ ገለጠች። «መላሽ ቁጥር አንድ። ሴት፣ ዕድሜ አምሳ ስምንት…» ስትል ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። ስም ባይጠራም ሁሉም አውቋቸዋል።

«ሰኪና ናት! ወላሂ፣ እኔ እንኳ ሰባ ሁለት ነኝ፣ እሷ ትበልጠኛለች» አለች የዕድሜ እኩያቸው። «አርሚው እንጂ፣ ኢክራም።»

ኢክራም ብዕሯ እጇ ላይ እንዳለ ገጹን አየችው። ከዚያ የብዕሩን ክዳን ገጠመች።

«እሷ የነገረችኝ እንዲህ ነው» አለች።

እስከ መጨረሻው አነበበችልን። ስትጨርስ ተነሥታ ሰማያዊውን መጽሐፍ ከሳህኖቹ ሥር፣ ከነዚያ ወረቀቶች አጠገብ አስቀመጠችው። በማግስቱ ጠዋት እርማቱን የገለበጠችበትን ሌላ ቅጂ ይዛ ወደ ከተማው ቱሪዝም ቢሮ ሄደች።